ኢንሱሊኑ ተሰጥቶናል፤ ትምህርቱስ?



እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ እያንዳንዱ የእስራኤል ነዋሪ በኩፓት ሆሊም የመታከም መብት እንዲኖረው አድርጓል። ኢንሱሊንም በዚሁ መብት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ መድኃኒት እጥረት አይደለም። ጥያቄያችን መድኃኒቱን የሚሰጡን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የምግብ ባለሙያዎች እኛን ለማስተማር ሠልጥነዋል ወይ የሚል ነው።

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፤ ርግማንም የእናት ጥፋትም አይደለም። ልጁ ውኃ ውኃ ይላል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ እየበላ ይከሳል። ሳይታወቅ ከቆየ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ከባድ አተነፋፈስ ይከተላሉ፤ ይህ ነፍስ የሚያጠፋ አደጋ ነው። ምልክቱን ያየ ወላጅ በዚያው ቀን የደም ስኳር ምርመራ ይጠይቅ፤ ለነገ አይባልም።

በአነጋገራችን ሁለቱንም ዓይነት በሽታ «ስኳር» ብለን እንጠራለን። እንክብል የሚውጠው ጎረቤት «ጣፋጭ ይተው እንጂ መርፌ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር አንደኛው ዓይነት ላለበት ልጅ ሞት ነው። በሌላም በኩል በሽታው አዋቂንም ስለሚይዝ፣ የከሳ ጎልማሳ ስኳር ሲገኝበት ሐኪሙ ዓይነቱን በደም ምርመራ ሳያጣራ በእንክብል ብቻ ሊሸኘው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠ ወዲህ ይህ በሽታ የሞት ፍርድ መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን የኢንሱሊን መጠን እንደ ምግቡ፣ እንደ ሩጫውና እንደ ሕመሙ ይለያያል። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ በቀረው ቀን ሁሉ ሐኪሞቹ እናትና አባት ናቸው። እንግዲህ የሕክምናው ትልቁ ክፍል ትምህርት ነው ማለት ነው።

ማስተማርን ሙያ ያደረግን ሰዎች የምናውቀው ነገር አለ፤ ተማሪ ራሱን ስለነቀነቀ ገብቶታል ማለት አይደለም። በባህላችን ባለሙያን «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ይመስላል። ነርሷ «ገባችሁ?» ስትል «እሺ» ብለን እንወጣለን። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች «ገባችሁ?» ማለትን ትተው «አሳዩኝ» ማለትን ይማሩ። እናቲቱ መርፌውን ራሷ ታዘጋጅ፤ ልጇ ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ ምን እንደምታደርግ በራሷ አፍ ትናገር።

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟል። ታዲያ የታመመው ልጅ ራሱ ለእናቱ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ልጅ የፈራውን ቃል ይዘላል፤ ያፈረበትንም ይለውጣል።

ሥልጠናው ማዕዳችንንም ማወቅ አለበት። የዳቦ ቁራሽ ብቻ የተቆጠረበት ወረቀት እንጀራ ለሚበላ ቤተሰብ ምን ይጠቅማል? የእንጀራው ስፋትና ውፍረት ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ የምግብ ባለሙያው ከቤተሰቡ ጋር መዝኖ ያስላው። ጾማችንንም ይወቁ። በአስተስርዮና በስግድ ሊጾም የሚያስብ ሕመምተኛ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይማከር፤ ኢንሱሊንን ጨርሶ መተው አይቻልምና። ፒኩዋሕ ኔፌሽ፣ ማለትም ነፍስ ማዳን፣ ከጾም እንደሚቀድም ቄሶቻችን ለሕዝቡ ቢያስረዱ ብዙ ቤት ይጠቀማል።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ጤና ብሪዩት የተባለው ድርጅት፣ ስሙ ራሱ አማርኛና ዕብራይስጥ እንደሆነ ሁሉ፣ ሐኪሞችና የማኅበረሰባችን ልጆች አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ስለዚህ ከኩፓት ሆሊሞች የምንጠይቀው ይህን ነው። የስኳር በሽታ ባለሙያዎች ሥልጠና ሲዘጋጅ አማርኛ ተናጋሪ ነርሶችና መጋሽሪሞች ከአስተማሪዎቹ መካከል ይሁኑ። አዲስ በሽተኛ የተገኘበት ቤተሰብም የመጀመሪያውን ትምህርት በሚያውቀው ቋንቋ ያግኝ።

እኛስ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የልጃችንን በሽታ ለመምህሩ እንንገር፤ ያልገባንን ሁለቴም ሦስቴም እንጠይቅ። መጠየቅ መብታችን ነው፤ ማስረዳትም የእነርሱ ግዴታ ነው።