የክፍል ቁጥር 42 እኅቶቻችን



አንዲት እናት ወይም እኅት የሌሊት ተረኛ ሆና ከቤት ስትወጣ ቤተሰቧ «በደህና ግቢ» ብሎ ይሸኛታል። ልጆቿም ሲነጋ ዓይናቸው ከበሩ ላይ ነው። በፋብሪካም ሆነ በሆስፒታል በፈረቃ የምትሠሩ እኅቶች ይህን ስንብት ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወሳው እንዲሁ ተሰናብተው ወጥተው ስላልተመለሱ 35 ሴት ሠራተኞች ነው። አገሩ ሩቅ፣ ዘመኑም የቆየ ነው። ነገሩ ግን ሠርታ ለምታድር ሴት ሁሉ ቅርብ ነው።

ቦታው በእንግሊዝ አገር ከሊድስ ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ ባርንቦው የተባለ ሥፍራ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ በዚያ ሥፍራ የመድፍ ጥይት የሚሞላበት ታላቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። ወንዶቹ ወደ ግንባር ስለዘመቱ ሥራው በሴቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1916 መገባደጃ የሠራተኞቹ ቁጥር 16,000 ያህል ደርሶ ነበር፤ ከ10ሩ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ከሊድስ፣ ከዮርክ፣ ከዌክፊልድና ከየገጠሩ መንደር በልዩ ባቡር እየተጓጓዙ በሦስት ፈረቃ ቀንና ሌሊት ይሠሩ ነበር።

ሥራው ምን ያህል አስጊ እንደነበር ከደንቡ መረዳት ይቻላል። ሴቶቹ ወደ ሥራ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የራሳቸውን ልብስ ለውጠው የሥራ ቀሚስና ቆብ ያደርጋሉ። ጫማቸው ላስቲክ ሶል ያለው ነው። ክብሪት ቀርቶ የፀጉር ሽቦ እንኳ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። አንዲት የእሳት ብልጭታ ሁሉንም ልታጠፋ ትችላለችና! ከፈንጂው ኬሚካል ጋር ብዙ ከመዋላቸው የተነሣ የአያሌዎቹ ቆዳ ወደ ቢጫነት ይለወጥ ስለነበር በዚያን ዘመን እንዲህ ያሉ ሴት ሠራተኞችን ሰዉ በቢጫዋ ወፍ ስም «ካናሪ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ፋብሪካው ወተት እንዲጠጡ ያደርግ ነበር፤ ለዚህም 120 ላሞች የሚረቡበት የራሱ እርሻ ነበረው። ወተት ግን ለሰውነት ምግብ ይሆናል እንጂ የፈንጂን መርዝ አይከላከልም።

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ኅዳር 26 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1916 መሆኑ ነው። የሌሊት ተረኞቹ ሥራ ከጀመሩ ብዙም አልቆዩም። በክፍል ቁጥር 42 ውስጥ ከ150 የሚበልጡ ሴቶች በየቦታቸው ነበሩ። ፈንጂ የተሞላው የመድፍ ጥይት ወደዚህ ክፍል ሲመጣ አንዲት ሠራተኛ ፊውዙን በእጇ ታስገባለች፤ ከዚያም ማሽኑ ጥይቱን እያሽከረከረ ፊውዙን ያጠብቀዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ አንዱ ጥይት በድንገት ፈነዳ። 35 ሴቶች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ማንነታቸው የታወቀው በአንገታቸው ላይ ባሠሩት የመለያ ምልክት ብቻ ነበር።

ሌላ ፍንዳታ ሊከተል እንደሚችል እያወቁ የሥራ ጓደኞቻቸው ቁስለኞቹን ለማውጣት ወደ ክፍሉ ሮጡ። ሥራው የተቋረጠው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ደሙ ከታጠበ በኋላ በዚያው ክፍል ለመሥራት በፈቃዳቸው የቀረቡ ሴቶች ነበሩ። ምን ዓይነት ልብ ቢኖራቸው ነው!

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን አገሩ ምን ሰማ? ምንም አልሰማም። ወሬው ለጠላት እንዳይደርስና የሕዝቡ ሞራል እንዳይወድቅ በማለት የጦርነቱ ሳንሱር ነገሩን አፈነው። በጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ ላይ የወጣው «በአደጋ ሞተች» የሚል አጭር ቃል ነበር። የጦሩ ዋና አዛዥ ሰር ዳግላስ ሄግ ከፈረንሳይ ግንባር ለሠራተኞቹ ምስጋና ልኳል፤ ሕዝቡ ግን እውነቱን የሰማው ጦርነቱ ካበቃ ከ6 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በጦርነት ጊዜ ምሥጢር መጠበቅ እንዳለበት አይካድም። ይሁን እንጂ ልጇ ለምን እንደሞተች በይፋ ተነግሮላት ያላለቀሰች እናት ሐዘኗ እጥፍ ነው።

በዚያው ዘመን የባቡር ድርጅቶች፣ ባንኮችና ፋብሪካዎች ከመካከላቸው ዘምተው ለወደቁ ሠራተኞች በየመሥሪያ ቤታቸው ሐውልት ያቆሙ ነበር። በለንደኑ ፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመረቀው፣ ከቤት የተላከለትን ደብዳቤ የሚያነብ ወታደር ሐውልት ከነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የሚያስታውሳቸው የባቡር ሠራተኞች ከ2,500 በላይ ናቸው። የባርንቦው ፋብሪካ ግን ጦርነቱ ሲያበቃ ተዘጋ፤ ሕንፃዎቹ ፈረሱ፤ ቦታውም መስክ ሆነ። ሐውልቱ የሚቆምበት የመሥሪያ ቤት ደጃፍ እንኳ አልቀረም።

እነዚህን ሴቶች ከመረሳት ያዳኗቸው በመጀመሪያ ሴቶች ናቸው። በሴቶች አነሣሽነትና ሴቶች ባዋጡት ገንዘብ በዮርክ ካቴድራል «የአምስቱ እኅቶች መስኮት» የሚባለው ጥንታዊ መስኮት ታድሶ እ.ኤ.አ. በ1925 በጦርነቱ ለሞቱ ሴቶች መታሰቢያ ሆነ። አጠገቡ በተሠራው የእንጨት መጋረጃ ላይ ከ1,400 የሚበልጡ ሴቶች ስም ተጽፏል፤ የባርንቦዎቹም ከዚያው ይገኛል። በፋብሪካው አካባቢም የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመላቸው ሲሆን፣ አደጋው 100 ዓመት በሞላው እ.ኤ.አ. በ2016 የፋብሪካው ቦታ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆኗል።

እኛም ብንሆን ግንባር ያለ ደጀን እንደማይቆም እናውቃለን። ወደ ዓድዋ እህል እየፈጩ፣ ውሃ እየቀዱ፣ ቁስለኛ እያስታመሙ ከዘመቱት እናቶች መካከል የስንቶቹን ስም እንጠራለን? ከእቴጌ ጣይቱ ሌላ እስቲ ጥቂት ቁጠሩ!

ስለዚህ እናቶችና እኅቶች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በመሥሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አቧራ የለበሰ የመታሰቢያ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ከሌለም ጡረታ የወጡትን ጠይቁ፤ ከእናንተ በፊት በዚያ ማሽን ላይ ማን ትሠራ እንደነበር፣ ማን ተጎድታ እንደቀረች ይነግሯችኋል። ስሟን ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ። ጓንቱና ጭምብሉ ሲጎድል፣ የማሽኑ መከላከያ ሲወልቅም «ነገ ይደርሳል» ብላችሁ አትለፉት፤ ለኃላፊው ዛሬውኑ ንገሩ። ለሞቱት ከሚቆመው ሐውልት ሁሉ የሚበልጠው፣ ማታ «በደህና ግቢ» የተባለችው ሠራተኛ ጠዋት በደህና መግባቷ ነው።