ማስመስከር ለፊዚክስም ያስፈልጋል

እኛ የጋይንት ልጆች ቤተ ልሔም በምን እንደምትታወቅ አንስተውም። ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው እንኳ ወደዚያ ሄዶ፣ በመምህሩ ፊት እየታረመ ካላስመሰከረ «ዐወቅሁ» ቢል በቀላሉ አይታመንለትም። ይህ ሥርዓት ለቤተ ክህነት ትምህርት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለፊዚክስም ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ላስረዳ። በተራ ሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ቢያቀዘቅዘው፣ ሬዚስታንስ የሚባለው እንቅፋት ጨርሶ ጠፋ። በ1962 ደግሞ የ22 ዓመቱ የኬምብሪጅ ተማሪ ጆሴፍሰን፣ እንዲህ ያለው ኤሌክትሪክ በሁለት ብረቶች መካከል ያለን ስስ ከልካይ ያለ ቮልቴጅ ሊያልፍ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። በመጋጠሚያው ላይ ማይክሮዌቭ ቢለቁበት ቮልቴጁ እንደ ደረጃ እርከን በእርከን ይወጣል።

ዛሬ ምርምሩ ቶፖሎጂካል ወደሚባሉት ነገሮች ዞሯል። የእነዚህ ውስጣቸው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ገጻቸው ግን ያስተላልፋል። በእነርሱ የተሠራ መጋጠሚያ ጎዶሎ ቍጥር ያላቸውን እርከኖች ሊዘል እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። በ2016 በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ፣ ሜርኩሪ ቴሉራይድ በተባለው ነገር ሲሞከር የመጀመሪያው እርከን በእውነት ጠፍቶ ታየ። በ2021 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች በኢንዲየም አርሰናይድ በተሠራ፣ ቶፖሎጂካል ባልሆነ መጋጠሚያ ላይም እርከን እንደሚጠፋ አሳዩ። እንግዲህ የጠፋ እርከን ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ምስክር ይፈለጋል ማለት ነው።

እኛስ? ባለፈው መንፈቅ በላቦራቶሪ የሽቦ ሬዚስታንስ ለክተን ቍጥሩ ከመጽሐፉ አልገጥም ቢለን፣ የመጽሐፉን ገልብጠን ጻፍን፤ ሙሉ ማርክም አገኘን። ከገለበጡት አንዱ እኔ ነኝ። በየኔታ ፊት ቢሆን ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ዜማ በተያዝን ነበር!

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ ማርክ የሚሰጠው ከመጽሐፍ ለገጠመ ቍጥር ሳይሆን፣ በጓደኛ ፊት ተደግሞ ለተመሰከረ ልክ ይሁን። ቍጥሩ ያልገጠመለትም ተማሪ ለምን እንዳልገጠመ መርምሮ ከጻፈ ይመስገን። ወላጆቻችንም «ስንት አገኘህ?» ከማለታቸው አስቀድመው «ማን መሰከረልህ?» ቢሉን፣ ሀገራችን ቃላቸው የሚታመን ዐዋቂዎች ታገኛለች።