ካንሰር በሀገረ ማርያም መንገድ፤ ለደቡቡ ቆላ የሚታሰበው ሆስፒታል ከየት ይጀምር?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን አልፎ የሚጓዝ መንገደኛ፣ አረጋውያን ዛሬም «ሀገረ ማርያም» እያሉ የሚጠሯትን ቡሌ ሆራን ያገኛል። ከርእሰ ከተማው ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ይህች ከተማ የምዕራብ ጉጂ ዞን መቀመጫ ናት። ከእርሷ ወዲያ ያቤሎና ሞያሌ፣ ወደ ምሥራቅም ነገሌ ቦረና አሉ። ዩኒቨርሲቲና ማስተማሪያ ሆስፒታልም አላት። ለደቡቡ ቆላ የሕዝብ የካንሰር ሆስፒታልና የምርምር ማእከል ያስፈልጋል ሲባል የቡሌ ሆራ ስም ቢነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም። እኛም አሳቡን የምንደግፍ ነን። የምንጠይቀው ሥራው ከየት ይጀምር የሚለውን ነው።

የሀገራችን የካንሰር ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ከሃያ ዓመት በላይ መላው ሕዝብ በዚያ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። የዓለም አቀፍ ግምቶች እንደሚያሳዩት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ። ከሴቶች መካከል የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። መንግሥት ሕክምናውን ወደ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ ጎንደርና መቐለ ለማስፋፋት ያቀደውም ይህን መጨናነቅ አይቶ ነው። ለቡሌ ሆራ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የምትቀርበው ሐዋሳ ናት።

«የምትቀርበው» ስንል ግን ነገሩን ከታማሚዋ ወገን ሆነን እንመልከተው። ለማኅፀን በር ካንሰር የሚሰጠው የጨረር ሕክምና በተለመደው አሠራር በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከያቤሎ ገጠር የመጣች አርብቶ አደር እናት ለዚህ ሁሉ ጊዜ ማደሪያ፣ ምግብ፣ አስታማሚና አስተርጓሚ ያስፈልጓታል። ወጪውን የምትሸፍነው ከብት ሸጣ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከዱበት ድርቅ የቦረና ከብት ምን እንደደረሰበት ያየን ሁሉ፣ ብዙው ቤተ ሰብ የሚሸጠው እንዳልቀረው እናውቃለን። ስለዚህ ታማሚዋ ትቀራለች፤ ወይም ጀምራ ታቋርጣለች።

መፍትሔው ታዲያ የጨረር መሣሪያውን ቡሌ ሆራ ላይ መትከል ነውን? ምናልባት ውሎ አድሮ ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና ጠጋኝ ይሻል። በኮባልት የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ደግሞ ኃይሉ በየአምስት ዓመቱ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ ምንጩ መለወጥ አለበት። ሕንፃ ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ መሣሪያው በመለዋወጫ እጦት ሲቆም ማየት ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ለእኛ የሚታየን ከሁሉ አስቀድሞ ናሙና መርምሮ «ይህ ካንሰር ነው፣ ይህ አይደለም» የሚል የፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ፣ እንዲሁም ሕመሙ ለጠናበት ሰው ሞርፊን የሚሰጥ ክፍል ይምጣ። በኦሮምኛ የሚያናግሩ ነርሶችም ከመጀመሪያው ቀን ይኑሩ፤ ሕመሟን በራሷ ቋንቋ ያልተናገረች እናት ግማሹን ይዛ ትመለሳለችና።

የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች በተለየ አስቀድሞ ሊያዝ የሚችል ነው። የሰለጠነች ነርስ በቀላል አሲድ ቀብታ በዓይን ትመለከታለች፤ አጠራጣሪ ነጭ ምልክት ካየች በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ልታክመው ትችላለች። ይህ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባትም አለ። ሆኖም ክትባቱ በአብዛኛው በትምህርት ቤት በኩል ስለሚሰጥ፣ ከብት ተከትላ የምትሄደው ልጅ እንዳታመልጥ የተለየ አሳብ ይሻል።

የምርምሩ ነገር ለአንዳንዶች ቅንጦት ይመስላቸዋል። አይደለም። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ከዘገቡ ቆይተዋል፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው የአህጉሩ ምሥራቃዊ ክፍልም በሽታው ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ ግን ገና ተጣርቶ አላለቀም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2008 ዓ.ም. ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚጠጣ እጅግ ትኩስ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው አስታውቋል። ታዲያ በጉጂና በቦረና ቡናው፣ ገንፎው፣ የጓዳው ጢስ ምን ድርሻ አላቸው? ይህን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚመልስ የለም። ሕዝብን መሠረት ያደረገው የካንሰር ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር የያዘው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። ያልተቆጠረ ሕዝብ በጀት ሲደለደል አይታወስም፤ መመዝገቢያ መዝገቡም ከሕንፃው ቀድሞ ሊከፈት ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገልግሎታችን ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ደብቃ በጸበል ቦታ ወራትን ያሳለፈች፣ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጊዜው ያለፈባት እኅት ገጥማናለች። ጸበሉን አንነቅፍም፤ እናምንበታለን፣ እንጠመቅበታለን። ነገር ግን «ሐኪም ቤት ከሄድሽ እምነትሽ ጎድሏል» ያላት ሰው ከየት ተማረው? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ከእግዚአብሔር ይዞ መጥቶ ሳለ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ያ ትምህርት ለካንሰርም ይሠራል፤ እኛ አገልጋዮች ግን በሚገባ አላስተጋባነውም።

ሌላም ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። በቡሌ ሆራና በአካባቢዋ እኛ ጥቂቶች ነን። ሆስፒታሉ ሲሠራ በአብዛኛው የሚያገለግለው የዋቄፈና፣ የእስልምናና የፕሮቴስታንት ተከታይ ጎረቤቶቻችንን ነው፤ ሕዝቡን ለምርመራ ለማስነሣትም የአባ ገዳዎች ቃል ከእኛ ስብከት ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። ይህ ተሳትፏችንን ሊያቀዘቅዘው አይገባም። ቅዳሴውን የምንቀድሰው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ያቆመው የሕሙማን ቤት እንግዳውንና ለምጻሙን የተቀበለ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የጨረር መሣሪያ አትገዛም፤ ማደሪያ መስጠት ግን ትችላለች። ልጃቸው ማቴዎስ በደም ካንሰር ያረፈባቸው ወላጆች የመሠረቱት የማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ በአዲስ አበባ ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ከፍቶ አሳይቶናል። ከቡሌ ሆራ እስከ ሐዋሳ ባሉት አጥቢያዎቻችን ሰበካ ጉባኤያትና የጽዋ ማኅበራት ሁለት ክፍል ቤት ለይተው ለአምስት ሳምንት ታማሚና አስታማሚ ማሳደር ይሳናቸዋልን? ይህ የማንንም ፈቃድና በጀት አይጠብቅም። ደግሞም እናቶች ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ለማስጠመቅ ወደ እኛ ይመጣሉ። ካህኑ ከጥምቀቱ በኋላ እናቲቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ከሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ ማኅፀን በር ምርመራ እንድትጠይቅ ቢነግራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የየሀገረ ስብከቱ የካህናት ሥልጠና ይህን ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሊይዘው ይችላል።