የመስታወት ዕድሜ በጀርባው ነው

አዲስ አበባ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ሲታደስ ቀድሞ ከግድግዳ የሚወርደው መስታወቱ ነው። ጠርዙ ትንሽ ከጠቆረ ወይም ፍሬሙ ከደበዘዘ ለቁራሌው ይሰጣል፤ በቦታውም የኤምዲኤፍ ፍሬም ያለው ወይም ዙሪያውን መብራት የተገጠመለት አዲስ መስታወት ይሰቀላል። ይህን ብክነት እንቃወማለን የሚሉ ደግሞ ከምናለሽ ተራ አሮጌ መስታወት ይገዙና ፍሬሙን ወርቃማ ወይም ነጭ ስፕሬይ ነፍተውበት «በፊት» እና «በኋላ» እያሉ ፎቶውን ያሳያሉ። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው፤ መስታወትን የሚመዝኑት በፊቱ ነው። እርጥበት በማይለየው ክፍል ውስጥ ግን የመስታወት ዕድሜ የሚወሰነው በጀርባውና በጠርዙ ነው። ስለዚህ አሮጌውን የሚጥለውም ላይ ላዩን ቀለም የሚቀባውም ገንዘቡን የሚያወጣው ጉዳቱ በሌለበት በኩል ነው።

ነገሩን ለመረዳት መስታወቱን ገልብጦ ማየት ይበቃል። መስታወቱ ራሱ፣ ማለትም ብርጭቆው፣ የመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ብዙም አይጎዳውም። መልካችንን የሚያሳየን ከብርጭቆው ጀርባ የተለበጠው ብር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካዳበረው ዘዴ የመጣው ይህ ልባጭ ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ብቻ የሚወፍር ስስ ነገር ነው። በብዙ መስታወቶች ላይ ከብሩ በላይ ስስ መዳብ፣ ከመዳቡ በላይ ደግሞ መከላከያ ቀለም አለ። ብሩን ከፊት ብርጭቆው፣ ከኋላ ቀለሙ ይጠብቁታል። ብርጭቆው የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ግን ጠባቂ የለውም። ውሃ፣ የበረኪና ትነትና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። በተለይ ማጽጃው መስታወቱ ላይ ሲረጭ ወደ ታች ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ይጠራቀማል። የታችኛው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቁረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ መስታወትም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጠርዙ ካልታሸገ እንደ አሮጌው ይጠቁራል። ፍሬሙን ካነጻጸርን ደግሞ ብልጫው ብዙ ጊዜ የአሮጌው ነው። ኤምዲኤፍ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። እርጥበትን እንዲቋቋም ተብሎ ካልተሠራ፣ ውሃ በአንዲት ስንጥቅ ከገባበት ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። የዋንዛ ወይም የዝግባ ፍሬም ግን ቢረጥብ ደርቆ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ቫርኒሽ ተቀብቶ ያገለግላል። እነዚህ ዛፎች ከጽድና ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ጥበቃ እስኪደረግላቸው ድረስ ተመናምነዋል። ስለዚህ ጤነኛ የዋንዛ ፍሬም ጥሎ በቦታው ኤምዲኤፍ መግዛት ዳግም በቀላሉ የማይገኝን እንጨት ለጥቂት ዓመት ዕቃ መለወጥ ነው።

ስፕሬይ የሚነፉትም ቢሆኑ ዕቃውን አላዳኑትም። ቅባትና አሮጌ ቫርኒሽ ሳይፋቅ የተነፋ ቀለም እንፋሎት ሲነካው ይላጣል፤ የእንጨቱንም መልክ ይደብቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ጀርባው እንደነበረ መቅረቱ ነው። እውነተኛ እድሳት የሚጀምረው መስታወቱን ከፍሬሙ በማውጣት ነው። ፍሬሙ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው ቀጥሎ በለስላሳው ይፈገፈጋል፤ ከዚያ ውሃ የሚቋቋም ቫርኒሽ ይቀባል፤ መስታወቱ የሚያርፍበት የውስጥ ጎድጓዳና የፍሬሙ ጀርባም ጭምር። የመስታወቱ ጠርዝ በደንብ ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን በቫርኒሽ ይታሸጋል። ሲሊኮን ካስፈለገ ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው አይሁን፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ የጀርባውን ልባጭ ይበላዋልና። ሲሰቀልም ከግድግዳው በጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ፣ ከኋላው አየር እንዲያልፍ ሆኖ ይሁን። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ፎቶ ላይ አይታዩም፤ መስታወቱን የሚያቆዩት ግን እነሱ ናቸው።

የሚነሱት ተቃውሞዎች ችላ የሚባሉ አይደሉም። የመጀመሪያው የዋጋ ጉዳይ ነው፤ የአናጺ ዋጋ፣ ቫርኒሽና ትራንስፖርት ሲደመር አዲስ መግዛት ይረክሳል ይባላል። ፍሬሙ ራሱ ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለውን አሮጌ ለማደስ መድከም አያስፈልግም። ፍሬሙ ጠንካራ እንጨት ሲሆን ግን የዛሬ ዋጋን ከዛሬ ዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ ስሌቱ ውስጥ መግባት ያለበት እያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የጠቆረ ብር አይመለስም የሚል ነው። ልክ ነው፤ ብርን ዳግም መለበጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጥቁረቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ግን መስታወት ቆራጭ ጠርዙን አንስቶለት ፍሬሙ በዚያው ልክ ሊጠብብ ይችላል፤ መሃሉ ድረስ ከዘለቀ ደግሞ መስታወቱን ብቻ ለውጦ ፍሬሙን ማትረፍ ይቻላል። አንዱ ክፍል ስለተበላሸ ሁሉንም መጣል ምክንያት የለውም።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ የጤና ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በቅርብ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባን ፍሬም መጠራጠር ተገቢ ነው። ይህ ግን አሮጌውን ለመጣል ሳይሆን በጥንቃቄ ለመሥራት ምክንያት ይሆናል፦ በደረቁ አለመፈግፈግ፣ ቀለሙን እያረጠቡ መፋቅ፣ ማስክ ማድረግ፣ ልጆችን ማራቅ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ማስወገድ። ተጥሎ ለቁራሌው የተሰጠ ፍሬም እርሳሱን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል እንጂ አደጋው አይጠፋም።

እንግዲህ ጥያቄው «አዲስ ወይስ አሮጌ?» መሆን የለበትም። ገዢ ሱቅ ውስጥም ሆነ ምናለሽ ተራ ሲቆም መስታወቱን ያስገልብጥ፤ ጠርዙን በጣቱ ይዳስስ፤ ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። ባለሙያም ሲያድስ ዋጋውን የሚጠይቀው ለማይታየው ሥራ ጭምር ይሁን፤ ባለቤቱም ለዚያ ሥራ ከልቡ ይክፈል። ለፊት ብቻ የምንከፍል ከሆነ አዲስ ገዛንም አሮጌ ቀባን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ መስታወት ዳግም ከግድግዳ እናወርዳለን።