በርበሬው የእማዬ፣ ቃሉ የማን?

ቤት ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ቅቤ አዘጋጅተው የሚሸጡ እናቶች ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ለልጆች አንድ አዲስ የቤት ሥራ ተጨምሯል፤ ማስታወቂያ መጻፍ። እናት ያዘጋጃሉ፣ ልጅ ይጽፋል። ችግሩ ጽሑፉ ሲነበብ እናትየዋ የሉበትም።

«ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የባልትና ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ካሉበት ድረስ ያቀርባል።» ይህን ያላነበበ የለም። ድርጅታችን የተባለው አንዲት እናት፣ አንድ ሙቀጫና በረንዳ ላይ የተዘረጋ ሸራ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ግን «የባልትና ውጤቶች» የሚለውን አውጥተው «ሶፋ» ቢያስገቡበትም ያው ነው። ልጆቹን አልወቅስም። ትምህርት ቤት ድርሰት ሲጽፉ ቃሉ በከበደ ቁጥር ማርክ ያገኙ ነበር። አሁን ደግሞ ስልክ ላይ ያለውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «የበርበሬ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» ማለት ይበቃል፤ እሱም ያንኑ ቃል አስረዝሞና አሞጋግሶ ይመልሰዋል።

የተፈጨ በርበሬ ገዢው በዓይኑ አይቶ የማይለየው ዕቃ ነው። ዛላውን ገበያ ላይ ሰብረን፣ አሽትተን፣ ፍሬውን አይተን እንገዛለን፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን የምናምነው ሰውየውን ነው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን። «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለውን ደግሞ ባዕድ ነገር የሚቀላቅለውም ይጽፈዋል።

እናትየዋን ስለ በርበሬያቸው ቢጠይቋቸው ግን ወሬያቸው እንዲህ ይሆናል፦ «ይሄ የማረቆ ነው። ራሴ ቀንጥሼ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውንና ጤና አዳሙን ወቅጬ ነው የደለዝኩት። ኮረሪማውን እዚሁ ቁጭ ብዬ ፈለፈልኩ። ያለፈው ሳምንት ደመና ስለነበረ በደንብ አልደረቀልኝም፤ ለሐሙስ ያላችሁኝ እስከ ሰኞ ታገሱኝ። ያቃጥላል ደግሞ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ቀነስ አድርጉ።»

ይህን ሌላ ሻጭ ገልብጦ ሊጠቀምበት አይችልም። በርበሬው ከየት እንደመጣ፣ የማን እጅ እንደነካው፣ ለምን እንደዘገየ ተነግሯል። እኔ ከሁሉም የምወደው ስለ ደመናው ያሉትን ነው። ያልደረቀ በርበሬ ሳይሻግት አይቀርም፤ ደንበኛውን አስቀይመው እስከ ሰኞ የሚያቆዩ ሰው ዕቃቸውን ያውቃሉ ማለት ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ግን ልጅ «ለስማችን ጥሩ አይደለም» ብሎ የሚሰርዛት የመጀመሪያዋ ናት።

በዕድሜ ገፋ ያልን አንባቢዎች ጳውሎስ ኞኞ አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምድ ለአንባቢ ይሰጥ የነበረውን መልስ እናስታውሳለን። አጭር ነው፣ ቀልድ አለበት፣ ስሙ ቢሸፈን እንኳ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ልጆቻችሁ ካላወቁት አንዱን ፈልጋችሁ አንብቡላቸው፤ በጋዜጣ ላይም ሰው እንደሚያወራው መጻፍ እንደሚቻል ያያሉ።

እንግዲህ እርስዎ ሻጯ ከሆኑ፣ ልጅዎ ወረቀት ይዞ ፊትዎ እንዲቀመጥ አያድርጉ፤ እርስዎም ሳያስቡት ወደ ራዲዮ አማርኛ ይሄዳሉ። በርበሬ ሲቀነጥሱ ስልኩን መቅረጫ ላይ አድርጎ አጠገብዎ ያስቀምጠውና እያገዘ ይጠይቅ። የዘንድሮው ከአምናው በምን ይለያል? ደንበኛ ምን ብሎ ተቆጣ? ለአዋዜ የትኛው ይሻላል? በኋላ የተቀዳውን ይገልብጠው፣ ድግግሞሹን ያውጣ። በእጅ ያሳዩትን ግን በቃል መተካት አለበት፤ «ይሄን ታህል ጨምሪ» ያሉት ስንት ማንኪያ እንደሆነ አንባቢው አያይም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ። «እኔ እንዲህ አልልም» ያሉበት ቦታ ሁሉ ይሰረዝ። (መንገዱ ልጁን «መደለዝ» እና «ማመስ» ያስተምረዋል፤ ብዙ የከተማ ልጅ ሁለቱንም «ማዘጋጀት» ብሎ ያልፋቸዋል።)

ያሉት ሁሉ ግን አይጻፍም። በወሬ መካከል «የእኔ በርበሬ ጨጓራ አይነካም» ወይም «ለደም ግፊት ፍቱን ነው» የሚል ነገር ካመለጠዎት እዚያው ሙቀጫው አጠገብ ይቅር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከአዋጁም በፊት አምኖዎት የሚበላ የጨጓራ በሽተኛ አለ።

አንቱታውም ያስቸግራል። ማስታወቂያው ሁሉ «ይደውሉ፣ ይዘዙ» ይላል። እርስዎ ደንበኛዎን «ልጄ» ብለው የሚጠሩ ከሆነ «ይዘዙ» ሲሉ የሌላ ሰው አፍ ይመስላል። በሌላ በኩል ከሚያነቡት መካከል በዕድሜ የሚበልጡዎት ይኖራሉና «ልጄ» ለሁሉ አይሆንም። «እናንተ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ «ደውሉልኝ» ትልቁንም ትንሹንም አያስቀይምም። «ድርጅታችን» የሚለውም «እኔ» ይሁን። ልጆችዎ ሲያግዙዎት ደግሞ «እኔና ልጆቼ»።

ከሥር የሚቀመጠው ስልክ የእርስዎ ይሁን። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሲደውል ያንኑ ድምፅ ይፈልጋል። ልጅዎ ካነሳው ዋጋ ብቻ ነግሮ አይዝጋ፤ «እማዬ ወፍጮ ቤት ናት፣ ስትመጣ ትደውልልዎታለች» ይበል።