ቤንሻንጉል ሰው ነው ወይስ ድንጋይ?

አዲስ አበባ ላይ “ሸጎሌ፣ ሸጎሌ!” እያለ ለሚጣራ የታክሲ ረዳት የአንድ ሰው ስም እየጠራ እንደሆነ ብትነግሩት የሚያምናችሁ አይመስለኝም። ሰውየው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ናቸው፣ በምኒልክ ዘመን የአሶሳ ገዢ የነበሩት። ሰፈሩ መኖሪያቸው ነበር፤ ስማቸው በአዲስ አበቤ አፍ ተጨፍልቆ ሸጎሌ ሆነ።

ይሄ ያስቃል። የሕዝብ ስም ሲሆን ግን ያን ያህል አያስቅም። አሶሳ ላይ “ትክክለኛው ስም በርታ ነው ወይስ ቤንሻንጉል?” የሚል ጨዋታ ከተነሳ ቡናው በረካ ደርሶም አያልቅም። ሌላም ስም አለ። ዐረብኛ ተናጋሪው ጎረቤት “ጀበላዊን”፣ የተራራ ሰዎች፣ ብሏቸዋል። ከሱዳን መጥተው ከበርታ የተጋቡትን ደግሞ “ወጣዊጥ” አላቸው፤ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። ወፍም አይደሉ፣ አውሬም አይደሉ እንደማለት። ሼህ ሆጀሌም ከነዚሁ ወገን ነበሩ።

“ቤንሻንጉል” ከየት መጣ ቢባል፣ ሽማግሌዎች ወደ መንጌ ይጠቁማሉ። “ቤላ ሻንጉል” የሚባል የተከበረ ዐለት አለ፤ “ቤላ” በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ነው። የዐረብኛ ጆሮ “በኒ ሻንጉል”፣ የሻንጉል ልጆች፣ ብሎ ሰማው። ድንጋዩ በአንድ ጊዜ ልጆች ወለደ!

የቶልኪን አንባቢዎች እንኳ ስለ ፈጠራ ሕዝቦች ስም ሲከራከሩ ዳኛ አላቸው። አራሚዎች የድንኮቹን ስም እንደ መዝገበ ቃላቱ “ድዋርፍስ” ብለው ቢያርሙበት፣ ደራሲው ወደ “ድዋርቭስ” አስመልሶታል። የፈጠራቸው እሱ ነዋ! የኛዎቹን ግን ደራሲ አልፈጠራቸውም፤ ዳኞቹ ራሳቸው ናቸው።

እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ሕዝቡ በርታ ይባል፣ አገሩ ቤንሻንጉል። “ቤንሻንጉል ነኝ” የሚል በርታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለሱ ቃሉ የአያቶቹ ግዛት ትዝታ ነው፣ ማንም አይከለክለውም። ችግሩ ያለው ወረቀት ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ክልሉን “ቤንሻንጉል/ጉሙዝ” ይለዋል። ያቺን አጭር ሰያፍ መስመር እዩልኝ። በአንድ ወገን የቦታ ስም፣ በሌላው የሕዝብ ስም። የክልሉ የ1995 ሕገ መንግሥት ግን የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚዘረዝራቸው አምስት ናቸው፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ እና ኮሞ። “ቤንሻንጉል” የሚባል ሕዝብ እዚያ የለም። ቃሉን የበርታ ብቻ ካደረግነው ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው ከገዛ ክልላቸው ስም ውጭ ናቸው። የቦታ ካደረግነው ግን ሁሉም ይገባሉ፤ እንዲያውም ጉሙዝ ለምን ለብቻው ተጠቀሰ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጉሙዝ ግን ስሙ በግልጽ እንዲጻፍለት የመፈለግ መብት ያለው ይመስለኛል። ደገኛው ስንት ዘመን “ሻንቅላ” እያለ የጠራው ሰው ነው፤ ያ ደግሞ የማንም ሕዝብ ስም አልነበረም፣ ስድብ ነበር። ሺናሻውም “ቦሮ” የሚለውን የራሱን ስም እያስመለሰ ነው።

እስከዚያው የቡለን ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ “ከየት ነህ?” ሲባል “ከቤንሻንጉል” ይላል። ጠያቂው ወዲያው “ታዲያ ዐረብኛ ትችላለህ?” ይለዋል። ልጁ ሺናሻ ነው። ከየት ጀምሮ ያስረዳው?