ያልተሟሸ ሞተር የማን ዕዳ ነው?

አዲስ ምጣድ ከገበያ መጥቶ በቀጥታ ሊጥ አይፈስበትም። በዝግታ ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ እንደገና ይሞቃል፤ ይሟሻል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ አልለቅም ይላል። ይህን እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። 100 ሺህ ዶላር አውጥቶ የገዛውን ባለ 500 ፈረስ ጉልበት መኪና ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ነዳጁን እስከ ወለሉ የሚረግጥ፣ ያንንም ቀርጾ «መኪና እኮ የተሠራው ለመነዳት ነው» እያለ የሚለጥፍ ሰው ግን አያውቀውም። ወይም አውቆ ንቆታል። ክርክሬ ከእሱ ጋር ነው።

መጀመሪያ ግን የ«ርገጠው» ወገን የያዘውን እውነት ልስጠው፤ አለውና። የሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም፣ ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ በጥቃቅን የተጠላለፉ ጭረቶች ይሞላል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ። ፒስተኑ ላይ ያሉት ሪንጎች ደግሞ በመጀመሪያው የሥራ ጊዜያቸው የጭረቶቹን ሹል ጫፍ እየላጉ ከግድግዳው ጋር ይላመዳሉ። ሪንጉን አጥብቆ ወደ ግድግዳው የሚጫነው ከኋላው የሚገባው የጋዝ ግፊት ነው። ግፊት የሚመጣው ሞተሩ ሲሠራ፣ ሸክም ሲኖረው ነው። ስለዚህ አዲስን ሞተር እንደ እንቁላል ተሸክሞ፣ ጉልበት ሳይጠይቁት በአንድ ፍጥነት ብቻ መንዳትም ይጎዳዋል። ሪንጉ በደንብ ሳይላመድ ግድግዳው ልሙጥ ይሆንና ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ዘይት ሲጠጣ ሊኖር ይችላል።

እሺ፣ እስከዚህ ትክክል ናቸው። ግን «ጫና ያስፈልገዋል» ከሚለው ተነስተው «ስለዚህ ቀዩ መስመር ድረስ ርገጠው» ላይ ሲደርሱ መሀል ላይ ያለውን ድልድይ ዘለውታል። ጫና እና ዙር አንድ ነገር አይደሉም። በመካከለኛ ዙር፣ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ሰጥተህ ስትወጣ ሪንጉ የሚፈልገውን ግፊት ያገኛል። በ7,000 ዙር ላይ የምትጨምርለት ግን ከምንም በላይ ሙቀትና ፍትጊያ ነው፤ ገና ባልተላመደ ብረት ላይ።

መመሪያዎቹን ከፍተው ቢያነቡ ኖሮ ይህን ያገኙት ነበር። ቢኤምደብሊው ለኤም መኪናዎቹ ሲል የኖረው ለመጀመሪያዎቹ 2,000 ኪሎ ሜትር ከ5,500 ዙር እና በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር አትለፍ፣ ፍጥነትህንና ዙርህን ግን ቀያይር ነው። በሰዓት 170! ይህን የፈሪ ምክር ነው የሚለኝ ካለ በየት አገር እንደሚነዳ ይንገረኝ። 2,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ደግሞ የሞተሩ ዘይት ብቻ ሳይሆን የኋላው ዲፈረንሻል ዘይትም ይቀየራል። ምክንያቱም የሚላመደው ሪንግ ብቻ አይደለም። ጥርስ ከጥርስ የሚፋጭበት ቦታ ሁሉ በመጀመሪያ ቀኖቹ ብናኝ ብረት ይለቅቃል፤ ዘይቱ ያንን ተሸክሞ ይዞራል። አዲስ ጎማና አዲስ ፍሬንም ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት መቶዎች ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚረግጠው ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የሚያቆመውንም ነገር ሳያሟሽ ነው የሚበረው።

ቀጣዩ መከራከሪያ «ያ የድሮ ነው፣ ዛሬ ማሽኖች ረቀዋል» የሚል ነው። ረቀዋል፣ አዎ። ግን ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ለውድድር ሜዳ ዝግጁ ነው የተባለለትን ሁለተኛውን ትውልድ ኤንኤስኤክስ እንውሰድ። ሆንዳ ማሟሸትን አልሰረዘውም። እያንዳንዱን ሞተር ኦሃዮ በሚገኘው ፋብሪካው መሞከሪያ ላይ አስሮ የ150 ማይል ያህል ሥራ አሠርቶ ነበር የሚልከው። ምጣዱን ሌላ ሰው አሟሽቶ ሰጠህ ማለት ምጣድ መሟሸት ቀረ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ፤ ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ። በ2020 የወጣው ሲ8 ኮርቬት በመጀመሪያዎቹ 500 ማይሎች፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሞተሩን ጉልበት በሶፍትዌር ይቀንሳል። ብዙዎች ተናደዱበት፤ የገዛሁትን ጉልበት ማን ይከለክለኛል አሉ። ቁጣው ይገባኛል፣ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። የኔ ቅሬታ ሶፍትዌሩ ከለከለ ሳይሆን፣ ባለቤቱን ኃላፊነቱን የተወጣ እንዲመስለው ያደርጋል የሚል ነው። ቆጣሪ ማይል ይቆጥራል፤ መላመድን አያይም። 500 ማይል በአውራ ጎዳና ላይ በአንድ ፍጥነት የሄደ ሰው ቆጣሪውን አልፏል፣ ሞተሩን ግን አላሟሸም። ቴስቱ አለፈ ማለት ኮዱ ሠራ ማለት እንዳልሆነ የኔ ሙያ ሰዎች ጠንቅቀን እናውቃለን።

የማናውቀው ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንሠራው ነገር ይመለሳል። ማታ የተበላሸ ነገር ብናወጣ ጠዋት የትናንቱን ኮድ መልሰን እንጭናለን። ይህ ልማድ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ወደ ሁሉ ነገር ገብቷል፤ «አሁን ልቀቀው፣ በኋላ ይስተካከላል»። ብረት ግን የትናንቱ ቅጂ የለውም። የሲሊንደሩ ጭረት አንዴ በከንቱ ካለቀ፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ግድግዳው እንደገና ካልተጫረ በቀር ሁለተኛ ዕድል የለም።

«የራሴ መኪና ነው፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ አለ። ያገባኛል። እንዲህ ያለውን መኪና ብዙ ሰው በሊዝ ወስዶ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ይመልሳል። የገዛውም ቢሆን ይሸጠዋል። በመጀመሪያው ቀን የተረገጠ ሞተር በመጀመሪያው ቀን አይጮህም። ዘይት መብላት የሚጀምረው ቪዲዮው ከተረሳ በኋላ፣ ሦስተኛው ባለቤት እጅ ላይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህንን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። አብዛኞቻችን የምናውቀው መኪና ከሌላ አገር ሰው እጅ የተረፈውን ነው፤ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮቹን ማን እንዴት እንደነዳቸው ሳናውቅ ከፍለን፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ እያየን መካኒክ ስንለማመጥ የኖርን ነን።

ስለዚህ አዲስ ፈጣን መኪና የገዛህ፣ ደስ ይበልህ። ዘይቱ እስኪሞቅ ጠብቅ። ዳገት ፈልግ። ዙሩን ቀያይር፣ ቀዩን መስመር ለሚቀጥለው ወር አቆየው። በ2,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ለውጥ፣ መመሪያው ባይጠይቅህም። ከዚያ በኋላ ርገጠው፤ ያኔ እኔም ቪዲዮውን አየዋለሁ።